3851 ቁጥር ፌራሪ፦ 38 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለው ለምኑ ነው?

መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ ገና አንድ ወር እንኳን አልሞላውም ነበር። ኦክቶበር 7 ቀን 1962 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ፓሪስ አጠገብ ሞንሌሪ የሚባል የውድድር ሜዳ ላይ ሄንሪ ኦሬዬ የተባለ ፈረንሳዊ እየነዳው ከመስመር ወጣና ሜዳው ዳር ያለ ህንፃ ላይ ተላተመ፣ ሰውየውም ሞተ። ኦሬዬ እኮ ተራ ሰው አልነበረም፣ በ1948 የሴንት ሞሪትዝ የክረምት ኦሎምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ ያመጣ የፈረንሳይ ጀግና ነው፣ ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። መኪናው ደግሞ ፌራሪ 250 ጂቲኦ ነው፣ የሻንሲ ቁጥሩ 3851።

ያው መኪና በኦገስት 2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦናምስ በሚባለው ጨረታ ቤት ቀርቦ በ38,115,000 ዶላር ተሸጠ። እስከዚያን ቀን ድረስ በጨረታ ከተሸጡ መኪኖች ሁሉ ትልቁ ዋጋ ይሄ ነበር። እና ማንም ሰው ይሄን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፦ ሰው የሞተበት፣ የተጨራመተ፣ እንደገና የተሰራ መኪና እንዴት "ያው መኪና" ሊባል ይችላል? እሺ ያው ነው ብንልስ፣ እንደሱ አድርጎ ላሜራ የሚቀጠቅጥ ጎበዝ ባለሙያ ዛሬም ጣሊያን ውስጥ ሞልቶ እያለ ለዚኛው ብቻ 38 ሚሊዮን የሚከፈለው ለምንድነው? መልሱ ያለው ከብረቱ ይልቅ ሐረጉ ላይ ነው። ሰው የዘር ሐረጉን እንደሚቆጥረው እነዚህ መኪኖችም ሐረግ ይቆጠርላቸዋል፣ ከማን ወደ ማን ተላለፈ፣ መቼ፣ በምን ወረቀት፣ መሃል ላይ የት ነበር። አንድ ቦታ ከተበጠሰ ዋጋው አብሮ ይበጠሳል።

መጀመሪያ ስለ መኪናው ትንሽ ልበል። ጂቲኦ ማለት ግራን ቱሪስሞ ኦሞሎጋቶ ነው፣ ግራን ቱሪስሞ ረጅም መንገድ በፍጥነትና በምቾት የሚኬድበት መኪና ሲሆን ኦሞሎጋቶ ደግሞ ለውድድር ተመዝግቦ የተፈቀደለት ማለት ነው። በጊዜው ደንቡ አንድ ፋብሪካ በዚህ ምድብ ለመወዳደር በ12 ወር ውስጥ 100 መኪና መስራት አለበት ይል ነበር፣ ፌራሪ ግን "ይሄ አዲስ መኪና አይደለም፣ ከበፊቱ አጭሩ 250 ጂቲ በርሊኔታ የተሻሻለ ነው" ብሎ አስመዘገበውና ከ1962 እስከ 1964 ድረስ ባለ 3 ሊትር ሞተሩን 36 ብቻ ሰራ። ስራውን የጀመረው መሐንዲሱ ጆቶ ቢዛሪኒ ነው፣ እሱ በ1961 መጨረሻ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ፋብሪካውን ሲለቅ ወጣቱ ማውሮ ፎርጊዬሪ ተረክቦ ጨረሰው። ሞተሩ 12 ሲሊንደር፣ 6 ዌበር ካርቦሬተር፣ ጉልበቱ ወደ 300 የፈረስ ጉልበት። አካሉ ሞዴና ከተማ ስካሊዬቲ የሚባል የመኪና አካል ሰሪ ዘንድ ከስስ አሉሚኒየም በእጅ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲሱ 18,000 ዶላር ገደማ ነበር። ማንም ብር ያለው ሄዶ የሚገዛውም አልነበረም፣ ገዢው ራሱ ፌራሪ ዘንድ ተቀባይነት ማግኘት ነበረበት።

በእጅ የተሰራ መሆኑን ልብ በሉልኝ፣ ወደፊት እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ 3851 ሐረግ። የመጀመሪያው ባለቤት ጆ ሽሌሰር ነው፣ ፈረንሳዊ የመኪና ተወዳዳሪ። በሴፕቴምበር 1962 ተረከበውና እዚያው ወር ውስጥ ከጓደኛው ከኦሬዬ ጋር ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ አውቶሞቢል የሚባለውን ፈረንሳይን የሚያዞር ከባድ ውድድር ገቡበት፣ ሁለተኛ ወጡ። ከዚያ ሞንሌሪ መጣ፣ ኦሬዬ ሞተ። ሽሌሰርም ቢሆን ብዙ አልቆየም፣ በ1968 ሩዋን ላይ በፎርሙላ ዋን ውድድር በሆንዳ መኪና ተቃጥሎ ሞቷል። የዚያን ዘመን ውድድር ታሪክ ስታነቡ የሞት ዜናው ብዛት ያስደነግጣል፣ እኔ ሁሌም እዚህ ጋ ስደርስ ትንሽ ቆም እላለሁ።

የተጎዳው መኪና ወደ ማራኔሎ ተመለሰ፣ ማለትም ወደ ተወለደበት ፋብሪካ። ይሄ በጣም ወሳኝ ነው። የጠገነው አንድ መንደር ውስጥ ያለ ጋራዥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ክርክሩ ማለቂያ አይኖረውም ነበር፣ ግን የሰራው ራሱ ፌራሪ ነው፣ ቁጥሩም ያው 3851 ሆኖ ቀጠለ። ከዚያ በ1963 ፓኦሎ ኮሎምቦ የሚባል ጣሊያናዊ ገዛው፣ እሱ የዳገት ውድድር ሰው ነበር፣ ማለት አንድ አንድ መኪና ብቻውን በሰዓት እየተያዘለት ተራራ የሚወጣበት ውድድር፣ ጣሊያን ውስጥ በጊዜው በጣም የሚወደድ ነገር ነበር። በ1964 ለኤርኔስቶ ፕሪኖት ሸጠው። ፕሪኖት ከሰሜን ጣሊያን ተራሮች ከኦርቲዜይ ነው፣ ስሙን የሚያውቀው ሰው ካለ በመኪና ውድድር ሳይሆን በሌላ ነገር ነው የሚያውቀው፦ የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ የሚያስተካክሉት ትልልቅ ባለ ሰንሰለት ማሽኖች ላይ የሚጻፈው ፕሪኖት የእሱ ስም ነው፣ ድርጅቱን የመሰረተው እሱ ነው። አንድ የበረዶ ሸርተቴ ሻምፒዮን ሞቶበት ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ለበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ማሽን የሚሰራ ሰው እጅ ገባ። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን ደስ ይለኛል።

በ1965 ፕሪኖት ለፋብሪዚዮ ቪዮላቲ ሸጠው። ታሪኩ የሚቆመው እዚህ ነው፣ ቃል በቃል ነው ቆመ የምለው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ለ49 ዓመት ከቪዮላቲ ቤት አልወጣም። ቪዮላቲ ከሀብታም ቤተሰብ ነው፣ እርሻና የታሸገ የማዕድን ውሃ ነበር ንግዳቸው። ጊዜውን አስቡት፣ 1965 ላይ ጂቲኦ ማለት ያረጀ የውድድር መኪና ነው፣ ሻምፒዮናው አልፎበታል፣ አዲስ ሞዴል መጥቷል፣ ለመንገድ ደግሞ ጫጫታውም ሙቀቱም አይቻልም። በ60ዎቹ መጨረሻ እነዚህ መኪኖች በጥቂት ሺህ ዶላር ይሸጡ ነበር። እሱ ግን አስቀመጠው፣ በኋላም በታሪካዊ መኪኖች ውድድር ላይ ይነዳው ነበር፣ ሌሎች ፌራሪዎችንና አባርት የሚባሉ የጣሊያን የውድድር መኪኖችን ሰበሰበና ሳን ማሪኖ ውስጥ ማራኔሎ ሮሶ የሚል ሙዚየም ከፈተ፣ ጂቲኦው የሙዚየሙ ንጉስ ሆነ። ቪዮላቲ በ2010 ሞተ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው ጨረታ የወጣው።

እና እስከ 2014 ድረስ ባለቤቶቹን ቁጠሩ፦ ሽሌሰር፣ ኮሎምቦ፣ ፕሪኖት፣ ቪዮላቲ። አራት። ሁሉም በስም የሚታወቁ፣ ሁሉም በዓመት የተያያዙ፣ መሃላቸው ክፍተት የለም። 52 ዓመት ገደማ ታሪክ በአንድ ትንፋሽ መንገር ይቻላል፣ ለገዢ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

ግን ወሬ ብቻ አይበቃም፣ ወረቀቱ የት አለ ይባላል። እኛ ሀገር መኪና ስንገዛ ሊብሬ እንደምናየው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንደምናመሳክረው፣ እነሱም እዚያው ይጀምራሉ፣ ጣሊያኖቹ እንደውም ሊብሬቶ የሚባል ደብተር አላቸው። ከሱ በላይ ደግሞ ከ1927 ጀምሮ የቆየ ፑብሊኮ ሬጂስትሮ የሚባል የህዝብ የመኪና መዝገብ አላቸው፣ አንድ መኪና ጣሊያን ውስጥ ስሙ በዞረ ቁጥር እዚያ ይመዘገባል፣ ስለዚህ የድሮ ባለቤቶችን በተርታ አውጥቶ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው የፋብሪካው ወረቀት ነው፣ ፌራሪ እያንዳንዱን መኪና ሲገጥም የትኛው ሞተር፣ የትኛው ካምቢዮ፣ የትኛው የኋላ አክስል እንደገባበት በእጅ የሞላው ሉህ አለ። የዚያን ጊዜ ፌራሪ ላይ የሞተሩ ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር አንድ ነው፣ በዚያ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው የየራሳቸው የውስጥ ቁጥር አላቸው፣ ያን ቁጥር ከሉሁ ጋር የሚያመሳክር የፋብሪካ ክፍል ዛሬም አለ፣ ከተስማማ ሰርተፊኬት ይሰጣል።

(በነገራችን ላይ ይሄን ለማስረዳት አማርኛ ቃል አያጥረንም። መኪና የሚለው ራሱ ከጣሊያንኛው ማኪና የመጣ ነው፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ላሜራ፣ ኮፋኖ ሁሉም የነሱ ናቸው፣ የእኛ ጋራዥ መካኒክ ማራኔሎ ቢሄድ ግማሹን ይግባባል።)

ሦስተኛው ፎቶ ነው፣ እዚህ ጋ ነው በእጅ የተሰራ ነው ያልኩት ነገር የሚጠቅመው። በማሽን የታተመ አካል አንዱ ካንዱ አይለይም፣ በመዶሻ የተሰራ ግን የአየር ማስገቢያው አቆራረጥ፣ የብሎን ድርድሩ፣ የመብራቱ አቀማመጥ ከመኪና መኪና ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ አንድ የታሪክ አጥኚ የ1962 ውድድር ፎቶ ከፊቱ ዘርግቶ ዛሬ ካለው መኪና ጋር እያስተያየ ይቺ መስኮት ያቺው ናት፣ ይሄ በር ተቀይሯል፣ ይሄ አፍንጫ በኋላ የመጣ ነው ማለት ይችላል። የአደጋው፣ የጥገናው፣ የቀለም ለውጡ ሁሉ ፎቶ አብሮ ሲኖር አደጋው ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ብዙ ሰው የማይገባው ይሄ ነው፦ አደጋን መደበቅ ነው ዋጋ የሚያወርደው፣ በወረቀት የተያዘ አደጋ ግን የሐረጉ አንድ ዘለላ ነው።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ ካላችሁ ቅጂ ስላለ ነው። ፌራሪ በዚያው ዘመን 250 ጂቲኢ የሚባል አራት ሰው የሚይዝ መኪና ከ900 በላይ ሰርቷል፣ ሻንሲውና ሞተሩ ዘመዱ ስለሆነ ብዙዎቹ ተቆርጠው የጂቲኦ መልክ ወጥቶላቸዋል። ከሩቅ አይለይም፣ ድምፁም ያው ነው። በ2019 የቦሎኛ ፍርድ ቤት የጂቲኦ ቅርፅ የጥበብ ስራ ነው፣ ያለ ፌራሪ ፈቃድ መቅዳት አይቻልም ብሎ ወስኗል፣ ይሄ ግን ወደፊት የሚሰራውን ነው የሚከለክለው እንጂ ከዚያ በፊት የተሰሩትን ከዓለም ላይ አያጠፋቸውም።

"ያው መኪና ነው አይደለም" የሚለውን ጥያቄ ፍርድ ቤት ያየው ደግሞ በጣሊያን መኪና ሳይሆን በእንግሊዝ መኪና ነው፣ ግን ሰብሳቢዎች ሁሉ ይጠቅሱታል። በ1929 እና በ1930 ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ማን» (Le Mans) የሚባለውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ያሸነፈች ኦልድ ነምበር ዋን የምትባል ቤንትሌይ ነበረች፣ ከዚያ በኋላ በውድድር ምክንያት ሻንሲዋም አካሏም ሞተሯም ደጋግሞ ተቀይሯል። በ1990 በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሸጥ ስትል ገዢው ይቺ ያቺ አይደለችም ብሎ እምቢ አለ፣ ለንደን ላይ ተካሰሱ። ዳኛው በአጭሩ ያሉት እንዲህ ነው፦ የ1929ኙ ብረት አብዛኛው የለም፣ ነገር ግን መኪናዋ አንድም ቀን ሞታ አታውቅም፣ እየተለወጠች ያለማቋረጥ ኖራለች፣ በቦታዋም ሌላ ተነስቶ እኔ ነኝ ያለ የለም፣ ስለዚህ ስሙ የሷ ነው። ሻጩ ረታ። 3851ን ያዳነው ሐሳብ ይሄው ነው ብዬ አምናለሁ፣ እንደውም የሷ በጣም የቀለለ ነው፣ የተሰበረችው አንዴ ነው፣ የጠገናትም ፋብሪካው ነው።

አሁን የተበጠሰ ሐረግ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ሌላ ጂቲኦ አለ፣ ቁጥሩ 3589። እንግሊዝ ውስጥ ተወዳድሮ አሜሪካ ቴክሳስ ገባ፣ ከዚያ ባለቤቱ ቪክቶሪያ ለሚባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰጠው፣ አዎ ለትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች መካኒክነት እንዲማሩበት። በ1972 ትምህርት ቤቱ በ6,500 ዶላር ሸጠው፣ የገዛው የኦሃዮ ሰው ደግሞ ተጎታች ላይ ጭኖ ሜዳ ላይ ከአስር ዓመት በላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት አቆመው። አስገራሚው ግን ይሄም ሐረጉ አልተበጠሰም። ብረቱ ተጎዳ እንጂ መኪናው የት እንዳለ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፣ ያን ጊዜ የነበሩ አፍቃሪዎች እየሄዱ በአጥር ፎቶ ያነሱት ነበር፣ ስለዚህ ታድሶ ሲወጣ እውነተኛነቱን የጠረጠረ የለም። ዝገት ይታከማል።

በትክክል የተበጠሰው የ375 ፕላስ ታሪክ ነው፣ እሱም ፌራሪ ነው፣ የ1954 የውድድር መኪና፣ ሻንሲ 0384። ለዓመታት ኦሃዮ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ በ1980ዎቹ ተሰረቀ፣ አውሮፓ ገባ፣ ቤልጅየም ውስጥ ሌላ ሰው ገዝቶ አደሰው። መኪናው ቤልጅየም፣ አንዳንድ እቃውና የባለቤትነት ወረቀቱ አሜሪካ። ሁለቱም ወገን የኔ ነው ይላል፣ ሁለቱም እጁ ላይ የያዘው ነገር አለ። በመጨረሻ ተስማምተው በጁን 2014 እንግሊዝ ውስጥ በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ፣ ክሱ ግን እንደገና ተነሳ፣ ገዢውም አብሮ ተጎተተ። እስቲ አስተያዩት፣ 3851 የተሸጠው ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። አንዱ መኪና ሰው ሞቶበት ንፁህ ነው፣ ሌላው ስንት ዓመት በሰላም ቆሞ ወረቀቱ ቆሻሻ ነው።

ክርክሩ አንዳንዴ እስከ አንዲት እቃ ይወርዳል። በ1962 ሴብሪንግ በሚባለው የአሜሪካ ውድድር ላይ ፊል ሂልና ኦሊቪዬ ዣንደቢየን ነድተውት ሁለተኛ የወጣው ጂቲኦ በ2017 በ44 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ ነበር፣ ነገር ግን ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ካምቢዮ ከመኪናው ተለይቶ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ሰው ጋ ነበር። ያን ካምቢዮ ለማስለቀቅ የተጠየቀው 25,000 ዶላር ነው፣ ማን ይክፈል በሚል ሻጭና ገዢ ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2020 ቀረቡ። መኪናው ያለሱም ይሄዳል፣ ሌላ ካምቢዮ ተገጥሞለታል። የተፈለገው ግን ሉሁ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለበት ካምቢዮ ነው።

ዋጋው ራሱ እንዴት እንደተጓዘ ብታዩ የቪዮላቲ ነገር የበለጠ ይገባችኋል። የፒንክ ፍሎይዱ ከበሮ መቺ ኒክ ሜሰን በ1977 የራሱን ጂቲኦ ሲገዛ ከ40 ሺህ ፓውንድ በታች ነው የከፈለው። በ1988 የፋብሪካው መስራች ኤንዞ ፌራሪ ሲሞት ገበያው አበደ፣ በ1989 ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለበት ጂቲኦ አለ፣ ከዚያ ፈረሰና በ90ዎቹ አጋማሽ 3 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ። ያኔ ስንቱ ሸጠ፣ ስንቱ ከሰረ፣ መኪኖቹ ከጃፓን አሜሪካ ከአሜሪካ አውሮፓ ተንከራተቱ። 3851 ግን ሲወደድም ሲረክስም ያው ጣሊያናዊ ሰው ዘንድ ነበር። ስለዚህ በ2014 ጨረታው ቀን ፋይሉ ሲከፈት ከ1965 በኋላ ያለው ገፅ ላይ የነበረው የባለቤት ስም አንድ ብቻ ነው።

ሪከርዱ አራት ዓመት ቆየ። በኦገስት 2018 እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ 3413 ቁጥር ጂቲኦ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ በኖቬምበር 2023 ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ 3765 ቁጥር በ51.7 ሚሊዮን። ይሄኛው በ1985 በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገዝቶ ለ38 ዓመት አንድ ሰው እጅ የቆየ ነው።